ኖርዘምበርላንድ ወይስ ሰሜን ኮርንዎል?

በእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ ሳይጣደፉ መንዳት ለሚፈልጉ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ያለውን ኖርዘምበርላንድንና በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለውን የኮርንዎል ሰሜናዊ ጠረፍ አነጻጽሬአለሁ። ከለንደን ለሚነሣ ሰው ሁለቱም ሩቅ ናቸው።

በመልክዓ ምድር ግርማ ኮርንዎል ይበልጣል። አትላንቲክ እየሸረሸረ የቀረጻቸው ገደሎች፣ በቲንታጀል አፋፍ ላይ የቆመው የጥንት ግንብ ፍርስራሽ፣ የሴንት አይቭስ አሸዋ ታይተው አይጠገቡም። ችግሩ መንገዱ ነው። ከዋናው አውራ ጎዳና ከኤ39 ወጥተው ወደ ዓሣ አጥማጆቹ መንደሮች ሲወርዱ፣ ብዙ ቦታ ላይ መንገዱ የሚበቃው ለአንድ መኪና ብቻ ነው። ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ የለበሰ ካብ ስለሆነ ባሕሩ ቀርቶ ቀጣዩ ኩርባ እንኳ አይታይም። ከፊት መኪና ከመጣ አንዳችሁ ወደ ኋላ መመለስ አለባችሁ። በኦገስት የትምህርት ቤት ዕረፍት ደግሞ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ኖርዘምበርላንድ ግን ለሾፌሩም ዕረፍት ነው። ከአልንመዝ እስከ ባምብራ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀኑን ሙሉ እየቆሙ ሊሄዱት ይችላሉ። ክራስተር ላይ በእንጨት ጭስ የደረቀውን ሄሪንግ ዓሣ ቅመሱ። ከዚያ በሣሩ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጉዛችሁ፣ በ1313 ግንባታው የተጀመረውን የደንስታንብራን ግንብ እዩ፤ እስከ ደጁ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለውም፣ ጸጥታውም ከዚህ የመጣ ነው።

ነፋሱ ይበርዳል፣ ባሕሩም ለዋና አይመችም። መዋኘት ለሚወዱ ልጆች ኮርንዎልን በጁን እመርጣለሁ። ለሌላው ሁሉ ምርጫዬ ኖርዘምበርላንድ ነው። እዚያው ወዳለው ሊንዲስፋርን ደሴት የሚወስደውን መንገድ ግን የባሕሩ ውሃ እየሞላ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሸፍነው፣ የማቋረጫውን ሰዓት ሳታዩ አትነሡ።