ከሎዮላ እስከ ማንሬሳ፦ የቅዱስ ኢግናጥዮስ መንገድ ሙሉውን መሄድ ያስፈልጋል?

ስፔን ውስጥ ከባስክ አገር ተነስቶ ካታሎንያ የሚያበቃው የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች የቅዱስ ኢግናጥዮስ መንገድ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በ27 የእግር ጉዞ ቀናት ተከፋፍሏል። አንድ ወር ላለው ሰው ሙሉውን መሄድ አይከፋም። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ብቻ ይዞ እምነቱን በወንጌል ማደስ የሚፈልግ ካቶሊክ ግን መሀሉን በባቡር አልፎ ሁለቱ ጫፎች ላይ ረጋ ብሎ ቢቆይ ይሻለዋል።

የቅዱሱ የትውልድ ቦታ ሎዮላ ያለው አስፔይቲያ ነው። ባቡር እዚያ አይደርስም፤ ሱማራጋ ወርዶ አውቶቡስ መያዝ ነው። ጉልላቱ የገዘፈው ባዚሊካ ዓይን ይስባል፣ ጊዜያችሁን ግን እሱ ላይ አትጨርሱ። ዋናው ነገር ያለው አጠገቡ በታላቁ ሕንጻ ተውጦ በቀረው የቤተሰቡ አሮጌ ግንብ ቤት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1521 ፓምፕሎና ላይ በመድፍ እግሩን የተመታው ወታደር ኢግናጥዮስ ተኝቶ ያገገመበት ክፍል ዛሬ የጸሎት ቤት ሆኗል። የጀብዱ ታሪክ ቢጠይቅ የቀረበለት የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ነበር። እያነበበም የጌታን ቃል በቀይ፣ የእመቤታችንን በሰማያዊ ቀለም ይገለብጥ ጀመር።

ከመንገዱ አገልግሎት ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህን ልማድ መውሰድ ነው። አንድ ደብተር፣ ሁለት እስክርቢቶና የማርቆስ ወንጌል ይበቃል። ለቀኑ ከ10 ቁጥር ያልበለጠ ምንባብ ማታ በእጅ ይገለበጣል። ጠዋት የመጀመሪያውን ሰዓት ያለ ወሬና ያለ ስልክ እየሄዱ ቦታውን በዓይነ ሕሊና መሳል፦ ማን ቆሟል፣ ምን ይላል፣ ምን ይሸታል። ከዚያ ከጌታ ጋር እንደ ወዳጅ መነጋገር። ሲያበቃ ቁጭ ብሎ ለ15 ደቂቃ ልብ የት እንደሞቀ፣ የት እንደደረቀ መለስ ብሎ ማየትና መጻፍ። ብዙው ሰው የሚዘለው ይህችን ሩብ ሰዓት ነው፤ እሷ ስትቀር ጸሎቱ የእግር ጉዞ ብቻ ይሆናል። ለተጓዡ የተዘጋጀው የጸሎት መምሪያ ለአንድ ቀን ከአንድ በላይ ምንባብ ያቀርባል። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን ተዉት። ቅዱሱ ራሱ ከብዛት ይልቅ ማጣጣምን ነው የሚመክረው፣ የነካን ምንባብ በማግስቱ መድገምንም እንደዚሁ።

የምልክት ነገር ያሳስታል። የዚህ መንገድ ቀስት ብርቱካናማ ነው። ቢጫው ቀስት ወደ ሳንቲያጎ የሚሄዱትን የሚመራ ሲሆን ረጅም ርቀት ላይ በዚሁ መንገድ፣ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል። በደከመ ዓይን ቢጫውን የተከተለ ወደመጣበት ይመለሳል። ከሳራጎሳ ወዲያ ያለው የሞኔግሮስ በረሃ ደግሞ ጥላ የለውም፤ በአውሮፓ የሙቀት ወራት ቢያንስ 3 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ቬንታ ደ ሳንታ ሉሲያ ላይ ማደሪያ ስለሌለ ቀድሞ ደውሎ ከቡሃራሎስ መኪና ማስመጣት ግድ ነው። በረሃውን እንደ ሱባኤ የሚወዱት አሉ፤ ጊዜ ላጠረው ግን አይመከርም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት ይሻላል።

እንግዲህ በባቡር ታረጋ ድረስ፣ ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ቬርዱ። የዛሬዋ ኮሎምቢያ ውስጥ ባለው ካርታሄና ወደብ ላይ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ባሮችን ያገለገለው ቅዱስ ጴጥሮስ ክላቬር የተወለደው እዚህ ነው፣ በ1580። ከቬርዱ እስከ ማንሬሳ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የሚከብደው ከሴርቬራ እስከ ኢጉዋላዳ ያለው 38 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከፊሉን በአውቶቡስ ቢያሳጥሩት ማንም አይፈርድም።

የተራራው ገዳም ሞንሴራት ቀን ቀን ጎብኚ ይበዛበታል፣ የእመቤታችን ምስል ፊትም ሰልፍ አለ። እዚያው ማደር ነው መፍትሔው፤ የመጨረሻው ባቡር ከወረደ በኋላ ገዳሙ ለመነኮሳቱና ለተሳላሚዎች ይቀራል። ኢግናጥዮስ በመጋቢት 1522 ኑዛዜውን ለሦስት ቀን ጽፎ ያዘጋጀውና ሰይፉን ያስቀመጠው እዚህ ነው። ንስሐ መግባት የሚፈልግ ከመንገዱ ሁሉ ይህን ቦታ ይምረጥ። ከዚህ ወደ ማንሬሳ ያለው ቁልቁለት 500 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ጉልበት የሚያመው ሰው ያለ ምርኩዝ አይሞክረው።

ማንሬሳ ያለው ኢግናጥዮስ የጸለየበት ዋሻ ጠባብ ነው፤ ቡድን ከገባ መጸለይ አይቻልም። በማለዳ ሂዱ። ከፊት ለፊት፣ ከካርዶኔር ወንዝ ማዶ፣ ሞንሴራት ይታያል። ኢግናጥዮስ ማንሬሳ 11 ወር ያህል ቆይቷልና ደርሶ ሰርተፊኬት ይዞ ወደ ባርሴሎና መሮጥ አያስኬድም፤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት አድራችሁ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡ። አጠገቡ ባለው የኢየሱሳውያን የሱባኤ ቤት ስምንት ቀን ለመቆየት የሚያስብ ቀድሞ ይያዝ፣ በምን ቋንቋ እንደሚመራም አስቀድሞ ይጠይቅ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚመጣ የቦታ ማስያዣውን ከሸንገን ቪዛ ማመልከቻው ጋር ቢያያይዝ ይበጀዋል።