ከደሴ አዲስ አበባ፦ በአውሮፕላን ወይስ በአውቶቡስ?

የደሴ ሰው ከሚሳፈርበት ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ከደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ቀኑን ይወስዳል።

ጊዜ፦ የበረራው ማጠር አያታልላችሁ። ደሴ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኮምቦልቻ መውረድ፣ ቀድሞ መድረስ፣ ፍተሻ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ። ተደምሮ ግማሽ ቀን ይሆናል።

ወጪ፦ አውቶቡስ በብዙ ይረክሳል።

ስጋት፦ የአየር ጠባይ በረራ ያዘገያል። በመኪናው መንገድ ላይ ያለው የጣርማበር ተራራ ጭጋግና ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ሾፌር ይፈትናል፤ በሌሊት መጓዝን እኔ አልመክርም።

ለታመመ ሰው፣ ለአረጋዊ ወላጅ፣ ለአስቸኳይ ቀጠሮ አውሮፕላን ይሻላል። ለዘመድ ቅቤና በርበሬ ለሚጭን፣ የከሚሴን ሜዳ በመስኮት እያየ መሄድ ለሚወድ ግን አውቶቡስ።