መነሻ ላይ ቤት መግዛት፦ የካ አባዶ ከሁለት ክረምት በኋላ

አዲስ አበባ፣ ጉርድ ሾላ ስድስት ዓመት ተከራይተን ኖረናል። ሜክሲኮ ለሚሠራ ሰው ጉርድ ሾላ ቅርብ ነው ይባላል፤ እኔም እንደዚያ እል ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መንገድ ዳር ስቆም ግን ከአያትና ከሲኤምሲ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ያልፋል። ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ ያወዛውዝልኛል፣ «የለም» ማለቱ ነው። ባቡሩም ያው ነው። በሩ ይከፈታል፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች ደረታቸውን ሰብስበው ያዩኛል፣ በሩ ይዘጋል። አርባ ደቂቃ ቆሜ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ተጉዤ ቢሮ ስደርስ አለቃዬ «ከየት ነው የምትመጪው?» ይለኛል። ከጉርድ ሾላ ስለው ይስቃል።

ቤት ፍለጋ ስንጀምር በልቤ የያዝኩት ጥያቄ ከዚያ የመጣ ነው፦ ታክሲው ባዶውን የሚነሣው ከየት ነው? ደላሎቹን ይህን ስጠይቃቸው ግር ይላቸዋል። እነሱ የለመዱት «ከአስፋልት ስንት ሜትር ይገባል» ነው።

ባለቤቴ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነው። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እናቴ ኮተቤ ናት፣ ልጃችንን ከትምህርት ቤት የምትቀበለው እሷ ናት። እነዚህን ሦስት ቦታዎች በካርታ ላይ በመስመር ካገናኛችኋቸው የሚወጣው ነገር ትዳር የሚፈትን ቅርጽ ነው።

በመጀመሪያ የባለቤቴ ምርጫ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእሱ ከዚያ የተሻለ የለም፤ ከኮዬ አቃቂ በጣም ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። አየሩ ሞቅ ይላል፣ ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መግቢያም ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። እኔ ግን በወሬ አልገዛም ብዬ ኮዬ ያለው የአክስቴ ልጅ ቤት ከእሁድ ማታ እስከ ዓርብ አደርኩ። ልብስ በሻንጣ ይዤ ከዚያ ወደ ሥራ ሄድኩ። በስልኬ የያዝኩት ማስታወሻ አሁንም አለ። ሰኞ፦ ከብሎኩ የወጣሁት 12፡10፣ ባጃጅ እስከ ታክሲው መነሻ፣ ሰልፍ 25 ደቂቃ፣ ቃሊቲ 1፡25፣ ባቡር፣ ሜክሲኮ 2፡20። ረቡዕ ዝናብ ነበር። አቃቂ መንገድ ላይ አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ ቆሞ ቢሮ 3፡05 ገባሁ። ያ መንገድ የጅቡቲ ከባድ መኪና ሁሉ የሚመላለስበት ነው፤ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል።

የኮዬ ችግር ርቀቱ አይደለም። ሳይቱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ከራስህ በር እስከ ታክሲው ድረስ ራሱን የቻለ አንድ ጉዞ ነው። ባጃጅ፣ ታክሲ፣ ባቡር፤ ሦስት ሰልፍ። ኪሎ ሜትር መቁጠር የተውኩት ያን ሳምንት ነው፣ ከዚያ ወዲህ የምቆጥረው ሰልፍ ብቻ ነው። ደግሞ ዋልካው! አስፋልት ያልደረሰበት ቦታ ላይ በሐምሌ አንድ እርምጃ የሄደች ሴት ጫማዋን ጎትታ ማውጣት አለባት። የአክስቴ ልጅ በር ላይ ሁለት ጥንድ ቦቲ ተደርድሮ ሳይ ነገሩ ገባኝ።

ለገጣፎም አይተናል፣ ግቢ ያለው ቤት። ደላላው «እህቴ፣ መንገዱን መሻገር ብቻ እኮ ነው» አለኝ። መንገዱን ስትሻገር ግን አስተዳደሩም ይለወጣል። ያኛው ወገን ከ2015 ጀምሮ በኦሮሚያ ሥር ያለው ሸገር ከተማ ነው፣ ካርታውም የመሬት ጽሕፈት ቤቱም ሌላ ነው። መጥፎ ነው አላልኩም። ለአንድ ፊርማ የምመላለስበትን ቢሮ አስቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ ማለቴ ነው። ግቢው ውስጥ የነበረው የኮክ ዛፍ ግን አሁንም ትዝ ይለኛል።

የካ አባዶን ያገኘነው በመጨረሻ ነው። ስሙ የካ ሆኖ የሚተዳደረው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው፣ ቅጽ ስትሞሉ እንዳትሳሳቱ። 20/80 የሚባለው፣ ሃያ በመቶው በቅድሚያ፣ ሰማንያው በባንክ ብድር የሚከፈልበት ኮንዶሚኒየም ነው። የእኛ ብሎክ ከምድር በላይ አራት ፎቅ አለው፣ ሊፍት የለውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ገዛን። ዋጋውን አልጽፍም፣ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ተለውጦ ይሆናል።

የጠዋቱ ነገር እንዲህ ነው። ከቤት 12፡25 እወጣለሁ። ታክሲው መነሻ ላይ ሰልፍ አለ፣ ግን የሚንቀሳቀስ ሰልፍ ነው። ተራ አስከባሪው ያውቀኛል። በጣፎ በኩል አያት ከሃያ ደቂቃ ባልበለጠ እደርሳለሁ። እዚያ ነው እንግዲህ ሽልማቱ። አያት የምሥራቅ ምዕራቡ ቀላል ባቡር የመጀመሪያ ጣቢያ ነው። ባቡሩ ባዶውን መጥቶ በሩን ይከፍታል፣ ገብቼ መስኮት ዳር እቀመጣለሁ። ሲኤምሲ ሚካኤል ስንደርስ መቆሚያ የለም፣ ጉርድ ሾላ ስንደርስ የዱሮዋ እኔ ውጭ ቆማ ታየኛለች። ቢሮ የምገባው 2፡10 አካባቢ ነው።

ሒሳብ ለሚወድ ሰው፦ ከዱሮው ወደ አርባ ደቂቃ የሚጠጋ ጨምሬያለሁ። አውቃለሁ። ግን ያኔ ያ ሁሉ ጊዜ በእግሬ ላይ ነበር፣ ከሰው ክርን ሥር። አሁን ዳንቴል እሠራለሁ። አልቀለድኩም፤ ባለፈው ዓመት የሶፋውን ሙሉ ልብስ ከአያት እስከ ሜክሲኮ ባለው መንገድ ላይ ጨርሻለሁ። ዘንድሮ የአልጋ ልብስ ጀምሬያለሁ። አንድ ጎን ለጎን የተቀመጡ አባት መርፌዬን አይተው «ልጄ፣ ባቡሩ ሲንገጫገጭ ዓይንሽን እንዳትወጊ» አሉኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሲያዩኝ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ስለ ዳንቴሉ ነው።

ማታው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከሜክሲኮ ወደ አያት የሚሄደው ባቡር ሲደርስ ከጦር ኃይሎች ጀምሮ ሞልቷል። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ባቡር ያልፈኝ ነበር። አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ዘዴውን አሳየችኝ። ወደ ኋላ መሄድ። ሜክሲኮ ላይ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄደው እሳፈራለሁ፣ ተግባረ ዕድን፣ ልደታን፣ ኮካ ኮላን አልፌ መጨረሻው ላይ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ዞሮ በሚመለሰው ተቀምጬ እመጣለሁ። ሁለት ትኬት ነው። ለጉልበቴ የከፈልኩት ነው ብዬ እተወዋለሁ። ከዚህ የተነሣ ጠዋትም ማታም የምሳፈረው ከመነሻ ነው። ይህን ዘዴ ሁሉም ቢያውቀው ግን መነሻውም ይሞላል፣ እና ባልነገርኳችሁ ይሻል ነበር።

ባለቤቴ? እሱ ከስሯል። ደብቄ ምን አደርጋለሁ። የፋብሪካው ሰርቪስ ከመገናኛ ስለሚነሣ ከቤት 11፡15 ይወጣል። በጨለማ ነው የሚወጣው፣ ጅብ ሰምቼ አውቃለሁ። ሰርቪሱ ውስጥ ስለሚተኛ «ሁለተኛ አልጋዬ» ይለዋል። ኮዬ ብንገዛ ኖሮ አንድ ሰዓት ተኩል ይተርፈው ነበር። ሚዛኑን ወደ አባዶ ያጋደለችው እናቴ ናት። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ኮተቤ ትቀበለዋለች፣ ማታ አንዳችን እናመጣዋለን። በኮዬ ቢሆን ሞግዚት መቅጠር ነበረብን። አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ደመወዟን ደምሬ አሳየሁት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና «እሺ፣ አባዶ» አለ። እስካሁን ያንን ወረቀት አልመለሰልኝም።

ስለ ቤቱ ስለራሱ ደግሞ ልናገር። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ በፈረቃችን። ከፎቁ ሥር ሮቶ አለን፣ በፓምፕ ይገፋል። መብራት በጠፋ ቀን ፓምፑም ስለማይሠራ ጄሪካን ይዞ ሦስት ፎቅ መውጣት ነው። የሚያስቀው፣ ለከተማው ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ ለገዳዲ ከእኛ በታክሲ ብዙም አይርቅም። ውሃው ጎረቤቱን ዘሎ ያልፋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ጣጣ አለ። ብሎኩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ ይጥዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ አሥር ሃያው አንድ ላይ ሲበራ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ሊጡ ግማሽ በስሎ ይቀራል። አሁን ከጎረቤቶቼ ጋር ተራ አውጥተናል። የእኔ ዓርብ ማታ ነው። አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ግን ተራ አይገባቸውም፣ ሲፈልጉ ይጥዳሉ። ማንም ምንም አይላቸውም፤ ልጄን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትኩሳት ሲያጣድፈው ወንድ ልጃቸውን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው በመኪና ያስወሰዱን እሳቸው ናቸው። በስልክ የጠራሁት ታክሲ «አባዶ» የሚለውን ሲሰማ ዘግቶብኝ ነበር።

ግድግዳው ስስ ነው። የጎረቤት ሙቀጫ ራሴ ላይ የሚወቀጥ ይመስለኛል። ብርዱም ቀላል አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከየካ ተራራ ወገን የሚወርደው ነፋስ መስኮቱን ያፏጨዋል፣ ከጉርድ ሾላ ያመጣነው ብርድ ልብስ አልበቃንም። በመስከረም ግን ከኋላችን ያለው ሜዳ አደይ ለብሶ ስታዩት የነፋሱን ትረሱታላችሁ። እሁድ ገበያ አለ፣ አትክልት ከመገናኛ ርካሽ ነው። ካፌ አለ፣ ተቀምጦ የሚወራበት ዓይነት ግን ገና ነው። ሲኒማ ለሚል ሰው መልስ የለኝም።

የወረቀቱን ጉዳይ በአጭሩ። ሻጫችን በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ የደረሰው ሰው ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለአምስት ዓመት መሸጥ ስለማይፈቀድለት መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው። ከዚያ ካርታውን፣ የባንክ ዕዳውን ማጠናቀቁን፣ የውሃና የመብራት ውዝፍ አለመኖሩን። ልንፈራረም ቀጠሮ የያዝን ዕለት ሰውዬው ብቻውን መጣ። ሚስቱ ድሬዳዋ ናት። ደላላው «ችግር የለም፣ በኋላ ትፈርማለች» ብሎ ሊያጣድፈን ሞከረ። የጋራ ንብረት የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ፈቃድ አይሸጥም፣ የቤተሰብ ሕጉ ነው። ሦስት ሳምንት ጠበቅናት። መጣች፣ ውልና ማስረጃ ፊት ፈረመች፣ ደላላው ያን ሁሉ ጊዜ አኩርፎኝ ነበር። ኮሚሽኑን ሲቀበል ግን ፈገግ አለ።

ማን ይግዛው? ሥራው በባቡሩ መስመር ላይ የሆነ፣ ጠዋት መነሣት የማይከብደው፣ ውሃ ማጠራቀም የለመደ ሰው። ጦር ኃይሎች፣ ልደታ፣ ስታዲየም፣ መገናኛ ለሚሠራ ምንም አልልም፣ ይምጣ። ሳሪስና ቃሊቲ የሚሠራ ሰው ግን ባለቤቴን ይጠይቀው። በደንብ ይመልስለታል፣ ሲነቃ። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚገባም ያስብበት፤ አያት ላይ ታክሲው ይቀንሳል፣ ባጃጁም የፈለገውን ይጠራል።

አንድ ነገር ብቻ። ብሎክ ስትመርጡ ሁሉም ከታክሲው ራቅ ያለውን ፈልጉ ይላችኋል፣ ረዳቶቹ ከ11 ሰዓት ጀምሮ «መገናኛ! አያት! አያት!» ስለሚሉ። እኛ ተቃራኒውን አደረግን። የማዕድ ቤታችን መስኮት ቀጥታ መነሻው ላይ ነው። ጠዋት ሻዬን ይዤ እቆምና ሰልፉን እቆጥራለሁ። ከሠላሳ ሰው በላይ ከሆነ ሁለተኛ ብርጭቆ እቀዳለሁ። ከሃያ በታች ሲወርድ ተራ አስከባሪው ቀና ብሎ ወደ ሦስተኛ ፎቅ በእጁ ይጠራኛል፣ ቦርሳዬን አንሥቼ ደረጃውን እወርዳለሁ።