ጅቡቲ ዌል ሻርክ ለማየት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ክረምት ሲገባ «ጅቡቲ፣ 4 ቀን፣ ከዌል ሻርክ ጋር ዋና» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም መዞር ይጀምራል። እኔም ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ አይቼው ከፈልኩ። ለራሴ፣ ለባለቤቴና ለ13 ዓመቷ ልጃችን። ለአንድ ሰው 78 ሺህ ብር ነው፤ ግማሹ ቀብድ፣ ቀሪው ከመነሳታችን ሳምንት በፊት። ነሐሴ ላይ ሄድን። አንድም ዌል ሻርክ ሳናይ ተመለስን። ዘንድሮም ያው ማስታወቂያ፣ ያው ቪዲዮ ወጥቷል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

«ዕድላችሁ ነው» የሚሉን አሉ። አይደለም። ዌል ሻርክ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ በአርታ ዳርቻ አካባቢ የሚሰበሰበው በቀዝቃዛው ወቅት ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ መሆኑ ነው። የሚመጣው ፕላንክተን የሚባሉትን ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት ተከትሎ ነው። ስሙ ሻርክ ቢሆንም ሰው አይበላም። በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፤ አፉን ከፍቶ ውሃውን እያጣራ ይመገባል። ወደ ጅቡቲ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው። ነሐሴ ላይ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ይነሳል፣ ባሕሩም ይናወጣል።

ይህን ሻጩ አያውቅም ብዬ ማመን ይከብደኛል። ከመክፈሌ በፊት በግልጽ ጠይቄዋለሁ። «አይዞሽ እህቴ፣ ዓመቱን ሙሉ አሉ» ብሎ በድምፅ መለሰልኝ። ቪዲዮም ጨመረልኝ። አንድ ሰው ቀጭን ጀልባ ላይ ተቀምጦ በእጁ ምግብ ይወረውራል፤ ዌል ሻርኩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይውጣል። ጀልባው ግራና ቀኙ ላይ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ቀርከሃ አለው። ያን ጊዜ ቀርከሃውን ልብ አላልኩትም። ኋላ ላይ ነው የገባኝ። እንዲህ ያለ ጀልባ የተለመደው በፊሊፒንስ ነው። እዚያ ኦስሎብ በምትባል ከተማ ሰዎች ዌል ሻርኮችን ስለሚመግቧቸው ዓመቱን ሙሉ አይጠፉም። ጅቡቲ ውስጥ የሚመግባቸው የለም፤ በወቅታቸው መጥተው በወቅታቸው ይሄዳሉ። ማስታወቂያው ላይ ቀርከሃ ያለው ጀልባ ካያችሁ ቪዲዮው የጅቡቲ አይደለም።

አርታ የወሰደን ጀልባ ነጂ አማርኛ ይችላል። ጥሩ ሰው ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል በማዕበሉ ካዞረን በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ «እህቴ፣ አሁን የሉም፤ በኅዳር ኑ» አለኝ። ማን እንደሸጠልን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ልጄ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ውሃውን ዝም ብላ ታይ ነበር። ያ ፊቷ እስካሁን ያመኛል። ለ14 ሰው የነበረው ላይፍ ጃኬት ደግሞ 9 ብቻ ነው። ይሄ ከገንዘቡ በላይ ነው ያናደደኝ። ጃኬት ለሁሉም ሰው ካልደረሰ፣ ብሩ ቢቀርም ይቅር እንጂ፣ ጀልባው ላይ አትውጡ።

ሌላው የምንዛሪው ነገር ነው። «ሁሉን ያካትታል» የተባለው ጉዞ እዚያ ስንደርስ የጀልባ ነዳጅ ተጨማሪ አለው ተባለ። በዶላር ስንከፍል «የዛሬ ምንዛሪ 150 ነው» ብለው አሰሉብን። የጅቡቲ ፍራንክ ግን ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። «የዛሬ» የሚባል ነገር የለውም። ይህን ቁጥር ያዙት።

የሚያሳዝነው፣ ክረምት ላይም ቢሆን ቢያንስ አንድ የሚታይ ቦታ አለ። የጎዳ ተራራ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ከታች ካለው እቶን ይሻላል። ዳይ ጫካ እዚያ ነው። የኛው አገር ጥድ ይበቅልበታል፤ ብዙው ግን ደርቋል። ከጅቡቲ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ፣ ሊጠፋ የተቃረበ የቆቅ ዝርያ መኖሪያውም እዚያው ነው። የኛ ጉዞ ዝርዝር ላይ ተጽፎ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን «መንገዱ ከባድ ነው» ተብለን በምትኩ የገበያ ማዕከል ወሰዱን። አሳል ሐይቅን አይተናል፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ግን በቀትር ስለወሰዱን ከመኪናው የወረድነው ለደቂቃዎች ነው። ጨው ላይ የሚነጥረው ፀሐይ ዓይን ያጠፋል። እዚያ የሚኬደው በማለዳ ነው።

ስንመለስ ገንዘባችን እንዲመለስ ጠየቅን። ሻጩ «ዌል ሻርክ ይታያል አላልኩም» አለ። የድምፅ መልእክቱን ልከፍት ስል የለም። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ የተባላችሁትን ነገር ስልካችሁ ላይ ለብቻው አስቀምጡ፤ ጽሑፉን ስክሪንሾት አንሱት። ደረሰኝ ላይም «ጉዞ» ብቻ አይጻፍ፤ ቀኑ፣ የጀልባው ዋጋ፣ የሚኬድባቸው ቦታዎች ይዘርዘሩ። ዌል ሻርክ ካልተገኘ ምን እንደሚመለስላችሁም ይጻፍ። ሐቀኛ አስጎብኚ ይህን ለመጻፍ አይግደረደርም፤ በዱር ያለ ፍጥረት መቶ በመቶ ይታያል ብሎም ቃል አይገባም።

ለዘንድሮ ሐምሌና ነሐሴ ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ቀሪውን አትጨምሩ። ቀኑ ወደ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ እንዲዞርላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ መልሱንም በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።