«ገና ነው» ለሚሉን የቱሉ ዲምቱ ሐኪም ምስጋና

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮየ ፈጬ፣ በገላን ያላችሁ ወላጆች፣ የልጃችሁ ጥርስ አገጣጠም ካሳሰባችሁ ይህን አንብቡ። የምንጽፈው በጥርስ ሕክምና የተሰማራን ባለሙያዎች ነን፤ የምናመሰግናቸው ደግሞ በቱሉ ዲምቱ በኩል ባለች ትንሽ ክሊኒክ የሚሠሩ የጥርስ ማስተካከያ ሐኪም ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፤ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንልካለን።

አብዛኛው ወላጅ የሚመጣው «ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ይታሰርለት» ብሎ ነው። እሳቸው ጋ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ይዞ ሄዶ ሳይታሰርለት የሚመለስ ብዙ ነው። በዚህ ዕድሜ በላይኛው የፊት ጥርሶች መሃል ክፍተት መኖሩ ያለ ነገር ነው (ፍንጭት ውበት ነው ባዮችን ለጊዜው እንለፋቸውና)፤ ክራንቻዎቹ ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠባል። «ገና ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ አምጡት» ብለው ይሸኛሉ፤ የሚያስከፍሉትም የምርመራውን ብቻ ነው።

ገጣጣ ለሆነ ልጅም ዝም ብለው አይጀምሩም። በኋላ ጥርሱ አስነክሰው፣ ከታችኛው የፊት ጥርስ እስከ ላይኛው ጫፍ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለካሉ። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው፤ ከ6 ካለፈ ሕክምና ይታሰባል። መቼ የሚለው ነው ክርክሩ። የሕክምና ሙከራዎችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ክለሳ 27 ሙከራዎችን መርምሮ እንዳገኘው፣ በልጅነት ተጀምሮ በጉርምስና የሚደገመው ሕክምና፣ በጉርምስና አንዴ ከሚሠራው በመጨረሻ ውጤቱ አይበልጥም። የታየው ጥቅም ቀድሞ የታከመ ልጅ የፊት ጥርሱ በአደጋ የመጎዳቱ ዕድል መቀነሱ ነው። ስለዚህ ከንፈሩ ጥርሱን የማይከድን፣ ኮብልስቶን ላይ ኳስ ሲያሯሩጥ የሚውል ልጅ ከሆነ ቶሎ ይጀምሩለታል፤ ሌላው ቋሚ ጥርሶቹ እስኪወጡ ይጠብቃል። ትዊን ብሎክ (የታችኛውን መንጋጭላ ወደ ፊት የሚያመጣ፣ የሚወልቅ የላይና የታች ማስተካከያ) የተሰጠው ልጅ ቀንም ሌሊትም ማድረግ አለበት። የሚጠፋው ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ልጁ አውልቆ በሶፍት ይጠቀልለዋል፣ ሶፍቱ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ማስቀመጫ ሳጥኑ ከቦርሳው አይለይ።

የኋላ ጥርስ ንክሻው በአንድ ጎን ለተገለበጠበት፣ ማለትም የላይኛዎቹ ከታችኛዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው ለሚነክሱበት ልጅ ግን ቀጠሮ አያራዝሙም። የላይኛው መንጋጭላ ስለጠበበ ልጁ ሲነክስ አገጩ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ምላሱን ወደ ላንቃው ኋላ አጥፎ ቀስ ብሎ እንዲነክስ ያደርጉታል፤ መጀመሪያ የሚጋጨው ጥርስ ያኔ ይታያል። ትንሽ ልጅ ከሆነ አንዳንዴ የወተት ክራንቻውን ጫፍ መሞረድ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ኳድ ሄሊክስ ያስገባሉ። ይህ አራት ጥምዝ ያለው የአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሽቦ ነው፤ በስድስት ዓመት ገደማ ከሚወጡት መንጋጋ ጥርሶች ጋር በቀለበት ይጣበቃል። ቀለበቱ ከመግባቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በጥርሶቹ መሃል ቦታ የሚያስለቅቅ ትንሽ ላስቲክ ይገባል፤ እሱ ከወደቀ ቀለበቱ አይገባምና ደውሉላቸው። ሽቦው በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ይከፈታል፤ ትንሽ ከልክ አልፎ እስኪሰፋ ይቀጥላል፤ ከዚያ ለሦስት ወር ያህል እንዳለ ይቆያል። ያለዚህ መልሶ ይጠባል። ከ7 እስከ 11 ዓመት ባሉ ልጆች ይህ የተጣበቀው ከሚወልቀው ማስፊያ ፕሌት የተሻለ እንደሚሠራ የኮክሬን የ2021 እ.ኤ.አ. ክለሳ ያሳያል፤ ምክንያቱም ለመረዳት አያስቸግርም፣ ልጁ አያወልቀውም። ቆሎ፣ ሸንኮራና ማስቲካ ክልክል ነው። ቀለበቱ ከተነቃነቀ ምግብ ከሥሩ ገብቶ ጥርሱን ይበላዋል፤ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።

ልጁ ሲነክስ የታችኛው የፊት ጥርስ ከላይኛው አልፎ ወደ ፊት ከወጣ፣ 10 ዓመት ሳይሞላው መታየት አለበት። በእንግሊዝ ሀገር በተደረገ ሙከራ፣ በልጅነታቸው ፊት ላይ በሚደረግ፣ የላይኛውን መንጋጭላ ወደ ፊት በሚስብ መሣሪያ ከታከሙት ውስጥ ከስድስት ዓመት በኋላ የመንጋጭላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል የተባሉት 36 በመቶ ሲሆኑ ካልታከሙት 66 በመቶ ነበሩ።

በጨቅላነቱ ግግ የወጣለት ልጅ ካላችሁ አትደብቋቸው፤ አይቆጡም። ድዱ ሲፋቅ ከሥር ያለው የክራንቻ ቡቃያ ተጎድቶ ቋሚው ክራንቻ ሳይወጣ ወይም ተበላሽቶ ሊወጣ፣ የጥርሱም መሃል ወደ ጎን ሊያዘነብል ይችላል። ሳያውቁ ማቀድ ይቸግራል። በወንጂ በኩል ያደገ፣ ጥርሱ በውሃው ፍሎራይድ ቡናማ የሆነ ልጅ ከሆነም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እንዲህ ባለ ጥርስ ላይ ብሬሱ ቶሎ ሊለቅ ይችላል።

ስትሄዱ ልጁ ጥርሱን ቦርሾ ይሂድ፤ የቆየ ራጅ ካለ ያዙ፤ ያለጊዜው የተነቀለ የወተት ጥርስ ካለም መቼ እንደተነቀለ ጻፉ። ቅዳሜ ወረፋው ስለሚበዛ ሌላ ቀን ይሻላል።