ሐዋሳ ውስጥ «ኤምአይፒ ኮለም» ልትገዙ ያሰባችሁ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ኤምአይፒ ኮለም ማለት ውስጡ ባለው ፖሊመር ላይ የአንድ ንጥረ ነገር ቅርጽ የታተመበት፣ ያንን ንጥረ ነገር ከሌሎች ለይቶ የሚያዘገይ የላቦራቶሪ ቱቦ ነው። በተለይ የማስተርስ ጥናት ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ አንብቡት።

ነጋዴዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። በር ላይ «ዶክተርዬ» ብለው ይቀበላሉ፣ ዕቃው «በሰው እጅ ከውጭ የመጣ» ነው፣ ክፍያ ቅድሚያ፣ ደረሰኝ ደግሞ «ሰኞ ና»። እኔም ከሐይቃችን ውሃ አትራዚን (የአረም መግደያ ኬሚካል) ለመለየት ብዬ ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ አንድ ካፒላሪ (በጣም ቀጭን ቱቦ) ኮለም በ42,000 ብር ገዛሁ። የውስጥ ስፋቱ 100 ማይክሮሜትር፣ ሆዱን ፖሊመር የሞላው ነው አሉኝ። ፖሊመሩ አትራዚን፣ ሜታክሪሊክ አሲድና ኢትሊን ግላይኮል ዳይሜታክሪሌት ተደባልቀው እዚያው ካፒላሪው ውስጥ የሚረጋ ነው። ከዚያ አትራዚኑ ታጥቦ ይወጣል፣ የቅርጹ ጎድጓዳ ይቀራል። በኋላ አትራዚን ሲያልፍ እዚያ እየገባ ይዘገያል።

ትናንት አትራዚንን ከታዮዩሪያ ጋር ደባልቄ አስገባሁ። ታዮዩሪያ ሳይያዝ ከፈሳሹ ጋር ነው የሚወጣው። ሁለቱም በአንድ ፒክ (መሣሪያው በሚሥለው ግራፍ ላይ አንድ ጉብታ) ወጡ፤ አትራዚኑ ምንም አልዘገየም ማለት ነው። ደገምኩት፣ ያው ነው። ጫፉን ሁለት ሴንቲ ቆርጬ በማይክሮስኮፕ ሳየው ባዶ ቱቦ ነው።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «እኛ ዕቃ እንሸጣለን እንጂ ኬሚስትሪ አናስተምርም» አለችኝ። የባንክ ማስረጃዬን ሳሳያት ደብተር ልታወጣ መሳቢያውን ሳበችው። ውስጡ አንድ ጥቅል ባዶ ካፒላሪና መቁረጫ፣ አጠገቡ «አትራዚን» የሚል ስቲከር፣ የኔው ላይ የተለጠፈው ራሱ! ከሥሩ «ካፌይን» የሚል ሌላ አለ። ማየቴን አይታለች። መሳቢያውን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችና «ሌላ የምትፈልገው አለ?» አለችኝ። አፌ ተሳሰረ።

የሚያቃጥለኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ስገዛ ያለ አትራዚን የተሠራውን ማነጻጸሪያ ኮለም ጠይቄ ነበር። ያለ እሱ አትራዚኑን የያዘው የታተመው ቅርጽ ይሁን ወይስ ፖሊመሩ በራሱ፣ ማወቅ አይቻልም። ባለሱቁ «ገንዘብህን አታባክን ዶክተርዬ» ሲለኝ ዝም አልኩ። ለተማሪዎች ስለ ማነጻጸሪያ ናሙና የማስረዳው እኔ፣ እህቴ ያበደረችኝን ብር ይዤ ዝም አልኩ።

ማነጻጸሪያው አብሮ ካልመጣ አትግዙ፣ ቁራጩን በማይክሮስኮፕ ሳታዩም አትክፈሉ። የካፌይን ኮለም ያዘዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ብራችሁን ጠይቁ።