ለጀማሪ የሂሳብ ሠራተኞች ለደረሱልን አሰልጣኝ ምስጋና

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! ስማቸው በአደባባይ ሲነሳ ደስ ስለማይላቸው ነው እንጂ በትልቁ እንጽፈው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ጀማሪ አካውንታንት ቀጥራችሁ ወር በተዘጋ ቁጥር የምትጨነቁ ሁሉ፣ እኚህን ሰው ፈልጓቸው።

ከእሳቸው በፊት ለሥልጠና የወጣው ገንዘብ ያንገበግባል። ሰርተፍኬት ይታተማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ልጆቹ ግን ይዘው የሚመለሱት ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የቱን መጫን እንዳለባቸው ብቻ ነው። ደረሰኝ ሲሰጣቸው ከየት እንደሚጀምሩ ይጠፋቸዋል። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ክፍያውን ተቀብሎ ከእውነተኛ ሰነድ ጋር ያላገናኛቸው ሰው ነው ማፈር ያለበት።

ጋሼ ሲጀምሩ ኮምፒውተሩን ያስዘጋሉ። ቫትን (የተጨማሪ እሴት ታክስን) ጨምሮ 1,150 ብር የሚል ደረሰኝ ያስቀምጡና ቫቱን አውጡ ይላሉ። አዲስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ15 በመቶ አባዝቶ 172.50 ይላል። ቫቱ ግን ዋጋው ውስጥ ስላለ ለ115 አካፍሎ በ15 ማባዛት ነው፤ 150 ብር ይመጣል። ይህን በእጁ የሠራ ልጅ ሶፍትዌሩ የተሳሳተ ቁጥር ሲያወጣ ያውቃል።

ፔሮልም፣ ማለትም የደመወዝ ስሌቱ፣ እንዲሁ ነው። በ2017 ዓ.ም በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት 12,000 ብር የሚከፈለው ሰው ደመወዙ በ30 በመቶ ተባዝቶ የእርከኑ ተቀናሽ 1,350 ሲነሳለት ግብሩ 2,250 ነው። ጡረታው 7 በመቶ፣ 840 ብር። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910። የተለመደው ስህተት ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሶ ግብሩን በቀሪው ላይ ማስላት ነው፤ ያኔ ግብሩ በ252 ብር ያንሳል፣ በየወሩ ሲደመር ደግሞ መቀጫ ይዞ ይመጣል። የአሠሪው 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር፣ ከደመወዙ እንደማይቆረጥም ደጋግመው ያስረዳሉ።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ግን በባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ነው፤ ይኸውም ባንኩ የሚሰጠውን የሂሳብ መግለጫ (ስቴትመንት) ከራስ መዝገብ ጋር አመሳክሮ ማስማማት ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ገና በቀኑ ነው። ባንኩ ስቴትመንት የሚያወጣው በፈረንጅ ወር፣ መዝገቡ ደግሞ በእኛ ወር ነው። የሐምሌን ሂሳብ ለማስታረቅ ጁላይን እንዳለ ያወጣ ሰው የሰኔን መጨረሻ ሰባት ቀን ይጨምራል፣ የሐምሌን መጨረሻ ስድስት ቀን ደግሞ ያጣል። ትክክለኛው ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ለሚዘጋ ድርጅት ይህ ስህተት ሁለት ዓመት ያደባልቃል።

አንዲት አዲስ ሠራተኛ ቀኑንም አስተካክላ፣ ተቆርጠው ባንክ ያልቀረቡትን ቼኮች ቀንሳ፣ የባንኩን የአገልግሎት ክፍያም መዝግባ 2,700 ብር አልገጥም አላት። መሽቷል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጋሼ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ማውሱን አልነኩም። «ልጄ፣ ልዩነቱን እስኪ ለ9 አካፍዪው» አሏት። 300 ሆኖ ያለ ቀሪ ወጣ። «እንግዲህ ሁለት አኀዝ ቦታ ተለዋውጦ ይሆናል፤ በሺህና በመቶ ቤት ጎን ለጎን ሆነው በ3 የሚበላለጡ አኀዞች ያሉበትን ፈልጊ።» ስቴትመንቱ ላይ 18,500 የሆነው ገቢ መዝገቡ ላይ 15,800 ተብሎ አገኘችው። ለ9 መካፈሉ ማረጋገጫ ሳይሆን ፍንጭ ብቻ መሆኑንም ነገሯት፤ ለ9 ካልተካፈለ ልዩነቱን ለሁለት አካፍሎ ያንን ቁጥር መፈለግ ነው፣ ዴቢቱ (በመዝገቡ ግራ በኩል የሚገባው) በክሬዲት (በቀኝ) በኩል ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ራሳቸው ቢፈልጉት በደቂቃ ያገኙት ነበር። እሷ እንድታገኘው ብለው አመሹ። እንዲህ ያለ መምህር ከየት ይገኛል?

ደግመን እንላለን፣ አዲስ ሠራተኛ ያላችሁ ውሰዱላቸው፤ ራሳችሁም አዲስ ከሆናችሁ ሂዱ፣ አትፈሩ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንልካለን። ስትሄዱ ያለፈውን ወር ስቴትመንት፣ የዚያኑ ወር የገንዘብ መዝገብና ከዚያ በፊት የተሠራውን ማስታረቂያ ያዙ። ያለፈው ማስታረቂያ ከሌለ የትኛው ቼክ ከድሮ እንደመጣ ስለማይለይ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል።